እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ነው? የሂንዱ መቅደሶች ሥርዓት ለምን ይለያያል

በደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ግዛት ውስጥ፣ ቼንጋኑር የምትባል ከተማ አለች። ከኅዳር ጀምሮ ባቡር ጣቢያዋ ጥቁር በለበሱ፣ ጢማቸውን ባሳደጉ፣ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ወንዶች ይጨናነቃል። ወደ ሳባሪማላ ተራራ የሚወጡ ተሳላሚዎች ናቸው። ተራራው ላይ ያለው አምላክ አያፓን ይባላል። ከ10 እስከ 50 ዓመት ያሉ ሴቶች፣ ማለትም የወር አበባ የሚያዩበት ዕድሜ ላይ ያሉት፣ ወደ እሱ እንዳይወጡ ልማዱ ይከለክላል።

እዚያው ቼንጋኑር ከተማ ውስጥ ሌላ መቅደስ አለ። በዚህኛው ከአምላኩ ከሺቫ ጋር ፓርቫቲ የተባለች እንስት አምላክ ትኖራለች። ምእመናኗ እሷ ራሷ የወር አበባ ታያለች ብለው ያምናሉ። ነጭ ልብሷ ላይ ምልክት ሲታይ ውስጠኛው መቅደስ ለሦስት ቀን ይዘጋል። በአራተኛው ቀን ምስሏ ወደ ፓምፓ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ከዚያ በዝሆን ተጭና፣ በከበሮና በመለከት ታጅባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰዉም ይህን እንደ ትልቅ በዓል ያከብረዋል።

ሃይማኖቱ አንድ፣ ግዛቱ አንድ፣ ወንዙም ያው ፓምፓ ነው። በአንዱ ቦታ የወር አበባ ለመከልከያ መለኪያ ሆነ፤ በሌላው የበዓል ምክንያት ሆነ። ታዲያ «ሂንዱዎች ስለ ወር አበባ ምን ይላሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ አያገኝም። ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት። መጠየቅ ያለበት፣ እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ነው? ጠባዩስ ምን ዓይነት ነው? ተብሎ ነው። ይህ ከገባን በሂንዱ መቅደሶች የምናያቸው ግራ የሚያጋቡ ልማዶች ብዙዎቹ መልክ ይይዛሉ።

ከመሠረቱ እንጀምር። ምስሉ ከቀራጺው እጅ ሲወጣ ድንጋይ፣ እንጨት ወይም ነሐስ ነው። ካህናቱ ረጅም ሥርዓት ፈጽመው እስትንፋስ እንዲገባበት ይለምናሉ። ከዚያ በኋላ በምእመናኑ ዘንድ እዚያ ያለው ነዋሪ ነው። ነዋሪ ከሆነ ደግሞ ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይበላል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ይተኛል። በአንድራ ፕራዴሽ፣ በቲሩማላ ኮረብታ ላይ ያለው ቬንካቴስዋራ ሌሊት ገና ሳይነጋ በመዝሙር ይቀሰቀሳል። ማታ ደግሞ በማስተኛ ሥርዓት ይሸኛል። ሰዉ ወደ መቅደስ የሚሄድበት ዋናው ምክንያትም አምላኩን ለማየትና በእሱ ለመታየት ነው። ሰዓታት ተሰልፎ ለጥቂት ሰከንድ ፊቱን ዓይቶ መመለስ ትልቅ በረከት ነው።

የብዙ ሂንዱ ሊቃውንት ትምህርት እውነተኛው አምላክ አንድ ነው፣ ስሞቹና መልኮቹ ግን ብዙ ናቸው የሚል ነው። ስለዚህ አንዱ መልክ የዋህ ሕፃን፣ ሌላው ቁጡ ተዋጊ፣ ሌላው መናኝ ቢሆን እርስ በርሱ አይጋጭም። እያንዳንዱ ቤት ግን የነዋሪውን ጠባይ ያከብራል።

ይህ የምእመናን ስሜት ብቻ አይደለም። የሕንድ ሕግም አምላኩን እንደ ሕጋዊ ሰው ይቆጥረዋል (ቀኖቹና ዓመቶቹ እዚህ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1925 ከኮልካታ የተነሣ አንድ የቤተሰብ ክስ ለንደን ድረስ ሄደ። ክርክሩ የቤተሰቡ አምላክ ምስል ከቦታው ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚል ነበር። ዳኞቹ አምላኩ የት መኖር እንደሚፈልግ ፈቃዱ መከበር አለበት አሉ። ይህን ፈቃድ የሚናገርለት፣ ከጠቡ የራቀ ተወካይ ፍርድ ቤት እንዲሾምለትም አዘዙ። አምላኩ በሕግ ፊት እንደ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ስለሚታይ ሌላ ሰው ይቆምለታል። በ2019 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአዮድያ ያለውን አወዛጋቢ መሬት ሲፈርድ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሕፃኑ አምላክ ራማ ራሱ ነበር።

አሁን ወደ ጠባይ እንምጣ። ሺቫ መታጠብ ይወዳል፣ ቪሽኑ መዋብ ይወዳል የሚል የቆየ አባባል አለ። በሺቫ መቅደስ ብትገቡ ከምስሉ በላይ የተንጠለጠለ ማሰሮ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲያደርግበት ታያላችሁ። ወተት፣ እርጎና ማርም ያፈሱበታል። ሺቫ ዓለምን ለማዳን መርዝ ጠጥቶ ጉሮሮው ሰማያዊ የሆነ፣ ተራራ ላይ የሚኖር፣ አመድ የሚቀባ አምላክ ነው። የጋለውን ያቀዘቅዙለታል። ቪሽኑ ንጉሥ ነው። ሐር፣ ወርቅ፣ ዕንቁና የአበባ ጉንጉን ይገባዋል። ቅጠሉ እንኳ ይለያያል። ለቪሽኑ የእኛ በሶብላ ዘመድ የሆነው ቱልሲ ይቀርባል፤ ለሺቫ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅለው የቢልቫ ቅጠል፤ ለእንስት አምላኳ ለካሊ ቀይ አበባ።

የምግቡ ልዩነት ደግሞ ይብሳል። ብዙ ሰው «ሂንዱ አልኮልና ሥጋ አያስጠጋም» ብሎ ያስባል። በአብዛኞቹ መቅደሶች እውነት ነው። ኡጃይን ከተማ ውስጥ ባለው የካል ባይራቭ መቅደስ ግን ተሳላሚው የሚይዘው መባ አረቄ ነው። ካህኑ በሳህን ቀድቶ ወደ ምስሉ አፍ ያስጠጋዋል። ባይራቭ የሺቫ ቁጡ መልክ ነው። በኬረላ ሰሜን ፓራሲኒካዳቩ ላይ ያለው ሙታፓን ደግሞ አዳኝ ነው። ቀስት ይዞ ጫካ ለጫካ ሲዞር የኖረ፣ ከድሆች ጋር የበላ አምላክ ነው ይባላል። ስለዚህ የሚቀርብለት ደረቅ ዓሣና ከዘንባባ የሚቀዳ የሚያሰክር መጠጥ ነው። ውሻ የአዳኝ ጓደኛ ነውና በመቅደሱ ውስጥ ውሾች እንደ ልባቸው ይንጎራደዳሉ። በሩ ላይም ከነሐስ የተሠሩ ሁለት ውሾች ቆመዋል። ወገንና ሃይማኖት አይጠየቅም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ሻይና የተቀቀለ ጥራጥሬ ይሰጠዋል። በሌሎች የኬረላ ታላላቅ መቅደሶች፣ ለምሳሌ በጉሩቫዩር፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም። ይህን ሁሉ በአንድ ሕግ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ይደክማል። ባለቤቱ አዳኝ ነው ሲባል ግን ሁሉም ይገባችኋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በኦዲሻ ግዛት ያለው የፑሪው ጃጋናት ነው። ጃጋናት፣ ወንድሙ ባላባድራና እህታቸው ሱባድራ ከእንጨት የተሠሩ፣ ትልልቅ ክብ ዓይን ያላቸው ምስሎች ናቸው። በክረምቱ መግቢያ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን፣ ሰገነት ላይ ወጥተው በ108 ማሰሮ ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ ብርድ መታቸው፣ ትኩሳት ያዛቸው ይባላል። መቅደሱ ለሁለት ሳምንት ያህል ለሕዝብ አይታይም። የተለመደው ትልቅ ማዕድ ይቀርና ፍራፍሬና የዕፅዋት መድኃኒት ይሰጣቸዋል። የሚያስታምሟቸው ከጥንት ጀምሮ የአምላኩ ቤተ ዘመድ ናቸው የሚባሉ አገልጋዮች ናቸው። በዚህ ጊዜ ተሳላሚው ወደ ሌላ መቅደስ ይሄዳል። የታመመ ሰው ጠያቂ አይበዛበትም።

ተግባራዊ ምክንያትም አለው። ያ ሁሉ ውሃ የእንጨቱን ቀለም ያጥበዋልና በእነዚያ ቀናት ምስሎቹ እንደገና ይቀባሉ። ሁለቱ ምክንያቶች ግን አይሻሩም። ቀለም የሚቀባው ሰው ራሱ የታመመ ዘመዱን እንደሚንከባከብ ሆኖ ነው የሚሠራው።

ሲድኑ በሦስት ግዙፍ ሠረገላ ተቀምጠው፣ ሕዝቡ በገመድ እየጎተተ፣ ወደ ጉንዲቻ መቅደስ ይሄዳሉ። የጃጋናት ሠረገላ 16 ጎማ አለው። እዚህ ላይ የቤት ጣጣ ይመጣል። ጃጋናት ሚስቱን ላክሽሚን ትቶ ነው የሄደው። እሷም በአምስተኛው ቀን ተቆጥታ ትከተለዋለች፤ አገልጋዮቿ ከሠረገላው ላይ ቁራጭ እንጨት ይሰብራሉ። ሲመለስ በሩን ትዘጋበታለች። በሁለቱ ወገን ያሉ አገልጋዮች በግጥም ይከራከራሉ። በመጨረሻ ጃጋናት ከወተት አይብ ተድቦልቡሎ በስኳር ውሃ የሚሠራውን ራስጉላ ሰጥቷት ይታረቃሉ። ይህ ሁሉ በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት፣ በየዓመቱ ይፈጸማል።

በሰሜን ሕንድ በቭሪንዳቫን ደግሞ ባንኬ ቢሃሪ የሚባለው አምላክ ክሪሽና አለ። የሚታየው እንደ ሕፃን ነው። ሕፃን በሌሊት አይቀሰቀስም። ስለዚህ በሌሎች መቅደሶች የተለመደው የንጋት ሥርዓት እዚህ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ በልደቱ ቀን ብቻ ነው። ደወልም አይደወልም። መጋረጃው በየጥቂት ደቂቃው ይጋረዳል፣ ይገለጣል፤ ለረጅም ጊዜ ፊቱን ያየ ሰው በፍቅር ይዞት ይሄዳል ተብሎ ይፈራል።

እንግዲህ ወደ አያፓን እንመለስ። ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው እዚህ ነው።

አያፓን የሺቫና የሴት መልክ የያዘው የቪሽኑ ልጅ ነው። የፓንዳላም ንጉሥ በፓምፓ ወንዝ ዳር ሕፃን ሆኖ አግኝቶ አሳደገው ይባላል። አድጎ አንዲት አጋንንት ድል አደረገ። ከእሷም አንዲት ውብ ሴት ወጣችና አግባኝ አለችው። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን በምናኔ ለመኖር የተሳለ ነበር። «አዲስ ተሳላሚ ወደ እኔ መምጣት ባቆመበት ዓመት አገባሻለሁ» አላት። ማሊካፑራታማ ትባላለች፤ መቅደሷ ከእሱ መቅደስ አጠገብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ ተሳላሚዎች መንገድ ላይ ባለ አንድ ቦታ ትንሽ የእንጨት ፍላጻ ይተክላሉ። በዓሉ ሲደርስ እሷ በዝሆን ወደዚያ ትወሰዳለች። የተተከለውን ፍላጻ ታያለች። ዘንድሮም አዲስ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ትመለሳለች።

ተሳላሚው የአምላኩን ጠባይ በራሱ ላይ ይለብሳል። ለ41 ቀን ሱባኤ ይይዛል። ሥጋ የለም፣ መጠጥ የለም፣ ከሚስት ጋር መተኛት የለም። መሬት ላይ ይተኛል፣ አይላጭም፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ መቁጠሪያ ያስራል። በእነዚህ ቀናት ስሙ ይቀርና ሁሉም «ስዋሚ» ይባባላሉ፤ ሹፌሩም፣ ሐኪሙም፣ ሚኒስትሩም። ዱባይ ወይም ዶሃ ከኬረላ ሰዎች ጋር የሠራ አንባቢ፣ በኅዳር አካባቢ ድንገት ጢሙን ያሳደገና ሥጋ የተወ ባልደረባ አይቶ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ይህ ነው።

ከመነሣታቸው በፊት የሚደረገው ነገር ቀረብ ብሎ ቢታይ ደስ ይላል። ኮኮናቱ በዓይኑ በኩል ይበሳና ውሃው ይወጣል። በቀዳዳው የተነጠረ ቅቤ ይሞላበትና ይታሸጋል። ከዚያ ሁለት ኪስ ባለው ጥቅል ውስጥ ይገባል። በፊተኛው ኪስ የአምላኩ መባ፣ በኋለኛው የተሳላሚው ስንቅ። ተሳላሚው ጥቅሉን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይወጣል፤ ይህን ያልያዘ ሰው ወደ መቅደሱ የሚያደርሱትን 18 ደረጃዎች መርገጥ አይችልም። እላይ ሲደርስ ኮኮናቱ ይሰበራል፣ ቅቤው በአምላኩ ላይ ይፈስሳል፣ ከፊሉ በረከት ሆኖ ይመለስለታል። ቅቤው ነፍስ፣ ቅርፊቱ ሥጋ ነው ይላሉ። ቅርፊቱ እሳት ውስጥ ይጣላል።

የክልከላው ደጋፊዎች የሚሉት እንግዲህ ይህን ነው። ሴት ርኩስ ናት አላልንም፤ የቤቱ ባለቤት መናኝ ነው፣ ስእለቱን እናክብርለት። ማስረጃም ያቀርባሉ። አያፓን በሌሎች መቅደሶች በሌላ መልክ ይኖራል። በኩላቱፑዣ ሕፃን ነው፣ በአርያንካቩ ወጣት፣ በአቻንኮቪል ሁለት ሚስቶች ያሉት ባለትዳር። አቻንኮቪል ላይ እንዲያውም በእባብ ለተነደፈ ሰው በሩ በእኩለ ሌሊት ይከፈታል፤ ከምስሉ እጅ የተወሰደ የሰንደል ቅባት ይሰጠዋል። በብዙዎቹ የአያፓን መቅደሶች ሴቶች ያለ ዕድሜ ገደብ ይገባሉ። በዚያው በኬረላ፣ በአቱካል መቅደስ የሚደረገው የፖንጋላ በዓል ደግሞ የሴቶች ብቻ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች የግዛቲቱን ዋና ከተማ የትሪቫንድረምን ጎዳናዎች ሞልተው በጡብ ጉልቻ፣ በሸክላ ድስት ሩዝ ያበስላሉ። በ2009 ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሴቶች ተገኝተው በጊነስ መዝገብ ተመዝግቧል። የአምላኳ በዓል እንዲያ ስለሆነ ወንዱ ዳር ይቆማል።

ይህን ክርክር ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም። ውስጣዊ ወጥነት አለው። ከውጭ ሆኖ «ኋላቀርነት» ብሎ መዝጋት ለመረዳት አለመፈለግ ነው።

ግን ሌላው ወገንም ይሰማ። የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1991 ክልከላውን አጸና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስከረም 28 ቀን 2018 (በእኛ መስከረም 18 ቀን 2011) በ4 ለ1 ድምፅ ሻረው። ከአራቱ አንዱ የሆኑት ዳኛ ቻንድራቹድ ሴትን በወር አበባዋ ምክንያት ማግለል ሕገ መንግሥቱ ከከለከለው «አይነኬ» ተብለው ዝቅ የተደረጉ ወገኖችን ከማግለል ጋር የሚመሳሰል ነው አሉ። አምላኩ በሕግ የተወሰነ ሰውነት ስላለው ብቻ የዜጋ ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው ማለት አይደለም ሲሉም ጻፉ። ብቸኛዋ የልዩነት ድምፅ የሴት ዳኛ ነበረች። ኢንዱ ማልሆትራ የሃይማኖት ልማድን በምክንያታዊነት ሚዛን መመዘን የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም ብለው ተከራከሩ።

ጎዳናውም ተከፈለ። ጥር 1 ቀን 2019 ውሳኔውን የደገፉ ሴቶች ከኬረላ ጫፍ እስከ ጫፍ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሰለፉ። በማግሥቱ ሁለት ሴቶች ሌሊት ወደ መቅደሱ ገቡ። ካህናቱም መቅደሱን ዘግተው የማንጻት ሥርዓት ፈጸሙ። በሌላ በኩል ደግሞ «እስከ 50 ዓመታችን እንጠብቃለን» ብለው የተሟገቱ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ኅዳር 2019 ላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለሰፊ ችሎት መራው።

የእኔ ጥያቄ አንድ ነው። የአምላኩን ጠባይ የሚነግረን ማን ነው? ኬረላ ውስጥ መቅደስ ላይ ችግር ሲገጥም ኮከብ ቆጣሪዎች ተጠርተው በዛጎል የአምላኩን ፈቃድ ይጠይቃሉ። የጥንት መጻሕፍት አሉ፣ የካህናት ቤተሰብ አለ፣ ቀድሞ ንጉሥ ነበር። ሁሉም ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ታሪክም አለ። ዛሬ አብዛኛው በኬረላ ውስጥ በሆነው በቀድሞው የትራቫንኮር መንግሥት ዝቅተኛ ተብለው የተመደቡ ሂንዱዎች ወደ መቅደስ እንዳይገቡ፣ በአንዳንድ ቦታ በመቅደሱ ዙሪያ ባለው መንገድ እንኳ እንዳያልፉ ይከለከሉ ነበር። ምክንያቱ መቅደሱ ይረክሳል የሚል ነበር። እዚያው በቫይኮም ከተማ ከ1924 ጀምሮ ሰላማዊ ትግል ተደረገ። ኅዳር 12 ቀን 1936 የትራቫንኮር ንጉሥ (ማሃራጃው) አዋጅ አወጡና በሩ ለሁሉም ሂንዱ ተከፈተ። የማይለወጥ የተባለው ሥርዓት በአንድ ቀን ተለወጠ፤ አምልኮውም ቀጠለ።

ደጋፊዎቹ «ያ የሰው ማዕረግ ጉዳይ ነበር፣ ይህ የአምላኩ ስእለት ነው» ብለው ይመልሳሉ። ልዩነቱን እረዳለሁ። ሆኖም የመናኝ ስእለት መለኪያው 10 እና 50 ዓመት ሲሆን፣ የሚለካው የአምላኩ ጠባይ ነው ለማለት ይከብደኛል። የሚለካው የሴቷ ሰውነት ነው። ስለዚህ የጠባይ ሐሳብ ልማዱን ያስረዳል ብዬ አምናለሁ፤ ማስረዳትና ማጽደቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ የባሕረ ሰላጤው አንባቢ ዕድል አለው። ዱባይ ጀበል አሊ ውስጥ በ2022 የተከፈተው የሂንዱ መቅደስ የሌላ እምነት ሰዎችንም ይቀበላል። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አማልክት አሉ፤ የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍም አለ። ጫማችሁን አውልቁ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ከዚያ ለአንዱ አበባ፣ ለሌላው ወተት ሲቀርብ ካያችሁ፣ ቆማችሁ ይህኛው ማን እንደሆነና ምን እንደሚወድ ጠይቁ።